ስልኩ የአንተ ነው፣ መርከቡ ግን የሁሉም ነው



የመዝናኛ መርከብ ሊሳፈር ወደብ የደረሰ አንድ መንገደኛ እናስብ። ለዚህ ጉዞ ብሎ ለረጅም ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሟል፤ የመጣውም ከነልጆቹ ነው። ፓስፖርቱ ታየ፣ ሻንጣው በማሽን አለፈ። ከዚያ አንዷ ሠራተኛ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየችና «ይቅርታ፣ ይሄ ወደ መርከቡ አይገባም» አለችው። ስልኩ ከተገዛ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። በወቅቱ ገበያ ላይ ከነበሩት ውድ ስልኮች አንዱ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ብንሆን መጀመሪያ የሚመጣብን ንዴት ነው። «በገንዘቤ የገዛሁት ነው፣ ምን አገባችሁ?» እንል ነበር።

መንገደኛው የእኛ ምሳሌ ነው፤ ክልከላው ግን በእውን የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫልና ኖርዌጂያንን የመሳሰሉ ትልልቅ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ወደ መርከባቸው እንዳይገባ ከለከሉ። የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ስልኩን ከአውሮፕላን አገደ። ማጥፋት ወይም ሻንጣ ውስጥ መክተት መፍትሔ አልነበረም፤ ጭራሽ ይዞ መሳፈር ተከለከለ። ብዙዎች ያኔ ቀለዱበት። እኛ ግን ክልከላው ትክክል ነበር እንላለን፤ ለምን እንደሆነም እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ስልኩ በኦገስት 19 ቀን 2016 ገበያ ላይ ዋለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቻርጅ ሲደረግ ተቃጠለ የሚል ወሬ ከየቦታው መጣ። በሴፕቴምበር 2 ሳምሰንግ ሽያጩን አቁሞ 35 ጉዳዮች እንደደረሱት አመነ፤ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ስልክም በአዲስ እለውጣለሁ አለ። እስከዚህ ድረስ ኩባንያው ያጠፋውን ለማረም ተንቀሳቅሷል ማለት ይቻላል።

የተለወጠው ስልክ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ የባትሪ ምልክት ነበረው። «አረንጓዴ ካየህ አትስጋ» ማለት ነው። ሰዎችም አመኑት፤ የማያምኑበት ምክንያት አልነበራቸውም። በኦክቶበር 5 ግን አሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ለመነሳት በተዘጋጀ የሳውዝዌስት አውሮፕላን ውስጥ ጭስ ተነሳ። የጨሰው ያ ተለውጦ የተሰጠው፣ ባለ አረንጓዴ ምልክቱ ኖት 7 ነበር። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ስለነበረ መንገደኞቹ ወጥተው ተረፉ። ከስድስት ቀን በኋላ ሳምሰንግ ስልኩን ማምረት ለዘለቄታው አቆመ።

እስቲ በዚያ ሰሞን ወደብ ላይ የቆመችውን ሠራተኛ ቦታ እንያዝ። ከፊቷ ሦስት ሺህ መንገደኛ ተሰልፏል። የትኛው ስልክ ደህና፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ በምን ትለያለች? ደህና ነው የተባለውም ነዷል። አምራቹ ራሱ ምክንያቱን ገና አላወቀም። በዚህ ሁኔታ «ይህ ዓይነት ስልክ በሙሉ አይገባም» ከማለት ውጪ ምን ሐቀኛ አማራጭ አላት? ክልከላው መንገደኛውን በጥፋተኛነት የሚከስ አልነበረም። ማንም መለየት የማይችለውን ነገር ሰው በተሞላበት ቦታ አናስገባም ማለት ብቻ ነበር።

ምክንያቱ የታወቀው በጃንዋሪ 2017 ነው። ኩባንያው 200 ሺህ ስልክና 30 ሺህ ባትሪ ሲፈትን ከቆየ በኋላ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ለመረዳት ያህል፣ የስልካችን ባትሪ ውስጥ ሁለት ስስ ንጣፎች፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ፣ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ መለያ አለ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። መለያው ተበስቶ ሁለቱ ከተነካኩ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ጋዝ ይወጣል፣ ከዚያ ነበልባል። የመጀመሪያው ባትሪ ማዕዘኑ ላይ ለንጣፉ በቂ ቦታ ስላልነበረው ንጣፉ ይታጠፍ ነበር። ከሌላ ፋብሪካ የመጣው ሁለተኛው ደግሞ ብየዳው ላይ የቀሩ ሹል ጫፎች ነበሩት፤ በአንዳንዶቹም መሸፈኛው ቴፕ ጭራሽ አልነበረም። ሁለት ፋብሪካ፣ ሁለት የተለያየ ስህተት፣ አንድ እሳት።

አንዳንድ ወንድሞች «ስንቱ ነደደና ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1.9 ሚሊዮን ስልክ ከመጠን በላይ ጋለ ተብሎ ሪፖርት የተደረገው 96 ነበር፤ ከሃያ ሺህ አንድ ገደማ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ ሰው ያቃጠሉ፣ 47ቱ ንብረት ያበላሹ ናቸው። ለአንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ይህ ትንሽ ዕድል ነው። መርከብ ግን የሚጓዘው አንድ ሳምንት ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ፣ በየጉዞው ሺዎችን ይዞ ነው የሚመላለሰው። ደግሞም እሳቱ የሚነሳበት ቦታ ከቁጥሩ በላይ ወሳኝ ነው። ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ በር ከፍተን እንወጣለን፣ ጎረቤት ይጮሃል። ባሕር ላይ ግን የት ይወጣል?

በማርች 2006 ስታር ፕሪንሰስ የተባለችው ትልቅ መርከብ ጃማይካ አጠገብ በሌሊት በእሳት ተያያዘች። መርማሪዎች እሳቱን ያስነሳው ምናልባት ተጥሎ የቀረ ሲጋራ ነው አሉ። በረንዳዎቹን የሚለዩት ፕላስቲኮች ነደዱ፤ እሳቱ ከበረንዳ በረንዳ፣ ከፎቅ ፎቅ ዘለለ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ክፍሎች ተጎዱ፤ አንድ መንገደኛም ሞተ። የዚያ ሰው ሞት ምክንያት የማያውቀው ሰው የጣለው ቁራጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በሴፕቴምበር 2019 ኮንሴፕሽን የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ ሌሊት ነድዳ ከታች ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ላይ የነበሩ አምስት ሠራተኞች ብቻ ተረፉ። መርማሪዎቹ እሳቱ በምን እንደተነሳ እርግጠኛ መሆን አልቻሉም፤ ካጤኗቸው ምክንያቶች መካከል ግን ከመኝታው በላይ ባለው ክፍል ቻርጅ ሲደረጉ ያደሩት ባትሪዎች ይገኙበታል። በእርግጠኝነት የተናገሩት ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ለዚህ ነው የመዝናኛ መርከቦች የልብስ ካውያና ሻማ ጭምር የሚከለክሉት። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ብንወስድ፣ በ1997 ሚና ላይ በሐጃጆች ድንኳኖች በተነሳው እሳት 343 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ድንኳኖቹ እሳት በማይዛቸው ተተኩ፣ የማብሰያ ጋዝም ታገደ። ዛሬ ሚና ላይ ጋዜን ለምን ትከለክሉኛላችሁ ብሎ የሚጣላ ሐጃጅ የለም። ድንኳን ከድንኳን የተያያዘበት ቦታ ላይ የአንዱ ምድጃ የጎረቤቱም ጉዳይ እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል።

ይህን ስንል ግን ሸክሙ ሁሉ በመንገደኛው ላይ መውደቁን ደግፈን አይደለም። ጥፋቱ የአምራቹ ነው። እረፍቱን ሊያሳልፍ ወጥቶ ወደብ ላይ «ስልክህን ጥለህ ግባ» የተባለው ሰው ስልኩ ውስጥ ትኬቱ፣ ፎቶው፣ የቤተሰቡ ቁጥር አለ። ሳምሰንግ በአንዳንድ ኤርፖርቶች የመለወጫ ጠረጴዛ ዘርግቶ ነበር፤ ጥሩ አድርጓል። የሚከለክል አካል ስልኩ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚተካውም አብሮ መናገር አለበት። «አይገባም» ብሎ ፊት ማዞር ሰዎች እንዲደብቁ ነው የሚያደርገው፤ የተደበቀ ስልክ ደግሞ ከታየው የከፋ ነው፤ ሻንጣ ሥር ሆኖ ቢነድ ማን ቶሎ ያየዋል?

ግትሮችም ነበሩ። በዲሴምበር 2016 አሜሪካ ውስጥ ከ93 በመቶ በላይ ስልኮች ተመልሰው ነበር። ቀሪው ቢበዛ 7 በመቶ ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ 130 ሺህ ስልክ ማለት ነው። ገንዘብ ይመለስላችኋል ተብለው እንኳ አንመልስም ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ኩባንያው ስልኮቹ ቻርጅ እንዳያደርጉ የሚያግድ ሶፍትዌር ላከ። የነዚያ ሰዎች መልስ አንድ ነበር፦ «የእኔ እስካሁን ምንም አልሆነም።»

ይህችን አባባል እኛም እናውቃታለን። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም ስልክ ባለፈው ክረምት ጀርባው ተነሳበት። ባትሪው አብጦ ነው። በፕላስተር አሽጎ ተጠቀመበት። ማታ ትራሱ ሥር፣ ቀን ኪሱ ውስጥ። ሰፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተገጥመን ስንሰግድም ኪሱ ውስጥ ነበር። ስንነግረው «እስካሁን ምን ሆነ?» አለን።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር ከመርከቡ የሚከፋው። ኖት 7ን መሰብሰብ የተቻለው ስልኩ ስም ስለነበረው ነው። ባለቤቱ የስልኩን መለያ ቁጥር አስገብቶ የእሱ ከሚመለሱት ውስጥ መሆኑን ማየት ይችል ነበር። የእኛ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የመጣ ነው። ባትሪው ሲደክም ሰፈር ካለው ሞባይል ቤት ሌላ እናስገባለን። ላዩ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበት ይሆናል፤ ማን እንደሠራው ጠጋኙም አያውቅም፣ እኛም አንጠይቅም። ስህተት ቢገኝበት መልሱልኝ ብሎ የሚጠራን ኩባንያ የለም። ወደብ ላይ ቆማ «ይሄ አይገባም» የምትለንም የለችም። ግቢው ውስጥ ግን ቤቱ በግድግዳ ተያይዟል፤ ታክሲው ውስጥ ጉልበት ከጉልበት ገጥመን ነው የምንቀመጠው።

ባትሪው ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ የገዛ አየር መንገዳችንን ያስታውስ። በጁላይ 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ከኋላ በኩል ነደደ። የእንግሊዝ መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት አደጋ ሲደርስ ምልክት የምታሰራጭ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ያለ የሊቲየም ባትሪ ነበር፤ ሽቦዎቹ ክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ያን የሚያህል አውሮፕላን! አልሐምዱሊላህ መሬት ላይ ነበር፣ ባዶም ነበር።

ስለዚህ ለዑምራም ሆነ ለሥራ የምትጓዙ፣ ፓወር ባንክን ከሚጫነው ሻንጣ አውጡና በእጃችሁ ያዙ፤ ሕጉም ይኸው ነው፤ የሚነደው ነገር ሰው የሚያየው ቦታ ይሁን ነው ነገሩ። ኤምሬትስ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ ፓወር ባንክ መጠቀምን ከልክሏል፤ ይዞ መግባት የሚቻለው አንድ ብቻ ነው። አስተናጋጇ ስትነግራችሁ አትከራከሯት። ያበጠ ባትሪ ያለው ደግሞ አይጫነው፣ አይውጋው፣ ቻርጅ አያድርገው፤ ከአልጋና ከልብስ አርቆ ያስቀምጠውና ወደ ጠጋኝ ይውሰደው።

ያ ወንድማችን በመጨረሻ ወሰደው። ጠጋኙ ባትሪውን ቀስ ብሎ ፈልቅቆ አወጣና በር ላይ ካለ አሸዋ የሞላበት ጣሳ ውስጥ ከተተው። ጣሳው ለምን እንደተቀመጠ ስንጠይቀው እጁ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አሳየን። ከዚያ ከመሳቢያው ሌላ ባትሪ አውጥቶ ገጠመለት። ወንድማችን «ኦርጂናል ነው?» አለው።

«ኦርጂናል ነው» አለ ጠጋኙ።

«በምን ይታወቃል?»

ሳቀና ስልኩን ዘግቶ ሰጠው።