የመርከቡን ኮረንቲ ማን ይጠብቀው?

«ባሕር የሌላት አገር ስለ መርከብ ምን አገባት?» የሚል ካለ ጋዜጣውን አጥፎ ሻዩን ይጠጣ። ያገባናል! አሰብንና ምጽዋን ካጣን በኋላም መርከብ አለን። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የመርከብ ድርጅታችን ስሙ እየተለዋወጠ ዛሬም ባሕር ላይ ነው። ቻይና ያሠራቸው 9 መርከቦች የመጡት በብድር ነው፤ ዕዳው ደግሞ የእኔና የእርስዎ።

ታዲያ ስለ መርከብ ሲወራ ካፒቴኑ ይነሳል፤ ቢበዛ የሞተሩ ሹም። የኮረንቲውን ሹም ማን ያነሳዋል? ወረቀቱ «ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር» ይለዋል፤ እኛ ደግሞ ፊውዝ ቀያሪ ይመስለናል። ጄኔሬተሩ፣ የኃይል ማከፋፈያው፣ ራዳሩ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው፣ የመሪው መቆጣጠሪያ፣ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሩ ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ትልልቅ መርከቦች ላይ 6,600 ቮልት አለ። በዚህ ቀልድ የለም!

እስቲ የምኖርበትን ወሎ ሰፈርን እንይ። ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ በተደረደሩት ሕንፃዎች ሥር ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲጠፋ ያጓራል። እሱም እምቢ ካለ ሻማ ይበራል፣ መብራት ኃይል ይደወላል፣ ይረገማል፣ ይታደራል። ውቅያኖስ መሀል ግን ለማን ይደወላል? ኮረንቲ የጠፋበት መርከብ መጠባበቂያው እስኪነሳ ድረስ መሪውም አይታዘዝም። ተንሳፋፊ ብረት ነው።

ማስረጃ ካሻዎት መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ባልቲሞር የሆነውን ያስታውሱ። ዳሊ የተባለው የኮንቴይነር መርከብ ኮረንቲ ጠፋበትና ድልድይ ገጨ። ድልድዩ ተደረመሰ፤ በሌሊት መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎቹ ኅዳር 2018 ላይ ምን አሉ? አንድ በደንብ ያልተሰካ ሽቦ! ጫፉ ላይ የተጠለቀው መለያ ከልክሎት ቦታው ውስጥ ያልገባ አንድ ሽቦ! በሺህ ከሚቆጠሩ ሽቦዎች መካከል እንዲህ ያለውን ለማግኘት ዕውቀትም ጊዜም ያለው ሰው ያስፈልጋል። ሞተር ሥር ሲደክም ውሎ «ኮረንቲውንም በዚያው እየው» የተባለ ሰው አያገኘውም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ ሲሻሻል ለዚህ ሙያ የብቃት መለኪያ ወጣለት፤ ከ2012 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ጎሽ! ነገር ግን ስምምነቱ መርከቡ ይህን ሰው ይዞ እንዲጓዝ አያስገድድም። መርከቡ ስንት ሰው ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ባንዲራውን የሰጠው መንግሥት ነው። አንዳንድ ባለመርከቦችም ቀዳዳዋን አይተው «ኢንጂነሮቹ ይሸፍኑታል» ይላሉ፤ አንድ ደሞዝ ይቆጥባሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው!

እኛስ? ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቅ ልጆቻችን ለዚሁ ሥራ እየሠለጠኑ ውጭ አገር መርከብ ላይ ይሳፈራሉ። ሹማምንቱ ይህን ሲያወሩ ከአፋቸው የማይጠፋው የውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላሩን አልጠላንም። ግን በዓለም አቀፍ ሕግ ወንበሩ ያልተጠበቀለትን ሙያ አስተምሮ መላክ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ገበያ የጠበበ ዕለት «አንተ ግዴታ አይደለህም» ተብሎ መጀመሪያ የሚወርደው የእኛው ልጅ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባል ናት። አባልነቷ ለጭብጨባ ነው እንዴ? በጉባኤው ላይ ተነስታ ይህ ሙያ ግዴታ ይሁን ትበል! ከዚያ በፊት ግን ከቤቷ ትጀምር። በእኛ ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ ያለዚህ ሰው መልሕቅ እንዳያነሳ በጽሑፍ ይደንገግ፤ ሰነዱም ባለዕዳው ሕዝብ እንዲያነበው በአደባባይ ይውጣ።

ወጪ ይበዛል ይሉን ይሆናል። እንግዲያው የአንድ ሰው ደሞዝ በአንድ ወገን፣ መርከቡና የመርከበኞቹ ሕይወት በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ይቀመጡ። ፈራጁ እናንተ!