የግሪክን ንባብ ማን አበላሸው?

በዚህ ግቢ ጽርዕን ጥቂት የቀመሱ አንዳንድ ወንድሞቻችን «የዛሬዎቹ ግሪኮች የአባቶቻቸውን ቋንቋ አበላሽተው ያነባሉ» ሲሉ እንሰማለን። ይህን አነጋገር እኛ አንቀበለውም።

ድምፁ መለወጡንስ ማን ይክዳል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአቴና የነበረው የኮሜዲ ደራሲ ክራቲኖስ የበግን ጩኸት በቤታና በኤታ ጽፎአል። ይህ በጥንቱ ንባብ «ቤ»፣ በዛሬው ግን «ቪ» ነው። በግ የጠበቀ ሁሉ «ቪ» የሚል በግ እንደሌለ ያውቃል። የእኛም መጻሕፍት ምስክር ናቸው፤ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተረጐሙት አባቶች ጢሞቴዎስን ሲጽፉ ታውን በጠ፣ ቴታን በተ ለይተዋል። (ክርስቶስ የሚለው ስም ከዚህ ልማድ መውጣቱን አንዘነጋም።)

ዳሩ ግን መለወጥ ሌላ፣ መበላሸት ሌላ ነው። ጥንት «እኛ» ማለት «ሄሜስ»፣ «እናንተ» ማለት ደግሞ ከንፈር ተሰብስቦ «ሁሜስ» ነበር። ኤታም ኢፕሲሎንም ከጊዜ ብዛት «ኢ» ሲሆኑ ሁለቱ ቃላት በጆሮ አንድ ሆኑ። ታዲያ ግሪኮች «እኛ»ንና «እናንተ»ን መለየት አቅቶአቸው ቀሩን? አልቀሩም፤ «ኤሚስ»ና «ኤሲስ» ብለው አበጁት። ይህን ያደረገው ጉባኤ ወይም ዐዋጅ ሳይሆን ተናጋሪው ሕዝብ ነው።

ዐዋጅ ካነሣንማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1528 ኤራስሙስ የጥንቱን ንባብ ለማቃናት መጽሐፍ አወጣ። በ1542 የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር እስቲፈን ጋርዲነር ይህንኑ አዲስ ንባብ ከለከለ፤ ሕጉን የሚጥሱ ልጆችም እንዲገረፉ አዘዘ። ስለ አንዲት ኤታ ጅራፍ! ያን ጊዜ ጅራፍ የተመዘዘው የጥንቱን በሚያነብ ላይ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሚሳቀው በሕያው ተናጋሪ ላይ ሆነ።

የሚስቁትስ የጥንቱን በትክክል ያነባሉን? ቴታ በጥንቱ አቴና ትንፋሽ የተጨመረባት «ት» ነበረች። የእንግሊዝ ተማሪ ግን «ጥንታዊ» በሚለው ንባቡ፣ ልክ እንደሚንቀው የዛሬ ግሪክ፣ ምላሱን በጥርሱ መካከል አድርጎ ያወጣታል። የቃሉን ዜማማ አብዛኛው ጨርሶ ትቶታል።

እኛስ ብንሆን ሐንና ሀን፣ ዐንና አን በአንድ ድምፅ የምናነብ አይደለንምን? በግሪኮች የሚስቅ ወንድማችን በመጪው ስብሰባ ይነሣና የግዕዙን «ሠረቀ»፣ ፀሐይ ወጣች የሚባልበትን፣ ከሌባው «ሰረቀ» በአፉ ለይቶ ያሰማን።