ከክኒኑ ማግስት

በወላይታ፣ ገሱባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦፋ ወረዳ ቀበሌዎች ጨምሮ፣ የትምህርት ቤት ጤና ሲነሳ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዘመቻ ነው። ክኒን የጫነ መኪና ይመጣል። ተማሪው ይሰለፋል፤ መምህሩ ቁመት እየለካ መድኃኒቱን ያድላል፣ ቅጹን ይሞላል፤ በማግስቱ ትምህርት እንደወትሮው ይቀጥላል። ይህን የምለው ዘመቻውን ለማቃለል አይደለም። ብዙ ሕፃናትን ከደም ማነስና ከሆድ ሕመም ታድጓል፤ መምህራኑም ያለተጨማሪ ሙያ ድጋፍ የተሸከሙት ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው። ክርክሬ ከዚያ ማግስት ስላለው ጊዜ ነው። በቀሩት የትምህርት ቀናት የተማሪውም የመምህሩም ጤና የማን ሥራ ነው? በትምህርት ቤቱ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን በጀትና ኃላፊ እስካልተገኘ ድረስ፣ ክኒኑ ያዳነውን ግቢው መልሶ ያሳምመዋል።

ማስረጃው እዚሁ ወላይታ ውስጥ አለ። ኢትዮጵያ በኅዳር 2008 ዓ.ም አገር አቀፉን የትምህርት ቤት የትል መከላከል ዘመቻ ከጀመረች በኋላ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ገሺያሮ የተባለውን ፕሮጀክት በዚህ ዞን ተከሉ። ዓላማው የአንጀት ትላትልንና የቢልሃርዝያን ስርጭት ከነጭራሹ ማቋረጥ ይቻል እንደሆነ መፈተን ነው። የጥናቱ አወቃቀር ራሱ ብዙ ያስተምራል። መድኃኒቱ ለተማሪ ብቻ የሚታደልበት አካባቢ ለማነጻጸሪያ ተቀመጠ፤ በሌሎቹ ለኅብረተሰቡ ሁሉ እንዲሰጥ ተደረገ፤ በጥቂቶቹ ደግሞ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የንጽሕና ትምህርት በላዩ ታከለበት። ተማሪውን ብቻ ማከም ስርጭቱን እንደማያቆም የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት ስለነበረ ነው እንዲህ የተከፋፈለው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተገኙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና ከሕክምና በኋላ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ የወስፋት ስርጭት ከሕክምናው በፊት ከነበረው 94 በመቶ ያህሉን መልሶ እንደሚይዝ አሳይቷል። የመንጠቆ ትል ደግሞ 57 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። እንቁላሉ በዓይነ ምድር ይወጣል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ የወስፋቱ ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ፣ የመንጠቆ ትሉ ደግሞ እጭ ሆኖ በባዶ እግር ወደ ቆዳ ይመለሳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች በፈረቃ የሚውሉበት ግቢ ጉድጓዱ የሞላ መጸዳጃ ቤትና የደረቀ ቧንቧ ይዞ ክኒን ሲጠብቅ፣ በየዓመቱ ከዜሮ መጀመሩ አይቀርም።

የእግር ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፤ ወላይታን በተለይ የሚመለከት ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የዞኑ ቀይ አፈር ለገበሬው ሀብት ነው፤ ለባዶ እግር ግን ጠንቅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄዳቸው የዓመታት ምርምሮች፣ በደጋው የሚታየው የዝሆኔ በሽታ በትንኝ የሚተላለፍ ሳይሆን በቆዳ በኩል ከሚገቡ የአፈር ብናኞች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዱ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በዚህ በሽታ እንደተያዘ አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመምተኛው በአማካይ 45 በመቶ የሥራ ቀኑን እንደሚያጣ፣ የ1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ዞንም በዚሁ ምክንያት በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አሰላ። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ጫማና ሳሙና ሊከለክሉት በሚችሉት በሽታ ነው። እንዲህ ባለ ዞን ውስጥ ትምህርት ቤት ዋነኛው የመከላከያ ቦታ መሆን ነበረበት። ልጁ በሽታው ሳይጀምረው፣ ገና እግሩ ጤነኛ ሳለ፣ በየቀኑ የሚገኘው እዚያ ነውና። የሶዶው የሞሲ ፉት ማኅበር የሕመምተኞችን እግር በማጠብ፣ በማከምና በማስተማር ለዓመታት የሠራው ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ወደ እሱ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የታመመ ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚነገር አንድ እምነት አለ፤ በሽታው የዘር ነው፣ ጫማ ምን ይፈይዳል የሚል። እምነቱ ከእውነት ጨርሶ የራቀ ስላልሆነ ቸል ማለት አይገባም። በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርጉ የዘር ልዩነቶች መኖራቸውን አረጋግጧል። ግን ዘሩ ብቻውን አያሳምምም፤ ተጋላጩም ቢሆን እግሩ አፈሩን ካልነካ ይተርፋል። ይህን አንድ ነጥብ የሳይንስ መምህሩ በትክክል ቢያስተምር፣ የታመመ ወላጅ ያለው ልጅ በጓደኞቹ ከመሸሽና ራሱን እንደ ተፈረደበት ከመቁጠር ይድናል። ማስተማር ብቻ ግን አይበቃም። ጫማ ያለውም ልጅ ኳስ ሲጫወት ያወልቀዋል፤ ጭቃ ሲሆን እንዳይበላሽበት በእጁ ይይዘዋል። ክፍሉም ወለሉ አፈር ከሆነ፣ ጫማ የሌለው ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ ሲማርም ለአፈሩ ይጋለጣል፤ ሙጃሌም በዚያው አቧራ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ የሲሚንቶ ወለል፣ እግር የሚታጠብበት ውኃና ለድሃው ልጅ የሚገዛ ጫማ የቅንጦት ጥያቄ አይደሉም፤ በወላይታ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ እኩል የሚቆጠሩ ናቸው።

እስካሁን ያነሳሁት ተማሪውን ነው። በዚያው ግቢ የሚውለው መምህር ግን በትምህርት ቤት ጤና ወሬ ውስጥ አዳይ፣ መዝጋቢና አስተማሪ ሆኖ ይጠቀሳል እንጂ ጤናው የሚጠበቅለት ሰው ሆኖ አይጠቀስም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎች ተርታ አስገብቶታል። በተግባር ሲታይ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን ስለማይመለከት፣ ፋብሪካ የሚጎበኘው ተቆጣጣሪ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ አይደርስም። ለክፍል የተቀመጠው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ 50 ተማሪ ሆኖ ሳለ ከዚያ እጅግ በላቀ ቁጥር ፊት ቀኑን ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማስተማር፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል የጠመኔ ብናኝ መተንፈስ፣ ሳል ከያዛቸው ልጆች ጋር ተጨናንቆ መዋል፣ ለሴት መምህርት ደግሞ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ማጣት፤ ይህ ሁሉ የሙያው ዕጣ ተደርጎ ተወስዷል። ከነዚህ አንዱም የሙያው ዕጣ ሊሆን አይገባም። ደግሞም መምህሩን የሚጎዳው ነገር ያው ተማሪውን የሚጎዳው ነው። መምህርቷ የምትቸገርበት መጸዳጃ ቤት የወር አበባ ላይ ያለችውን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት የሚያስቀራት ነው፤ መምህሩን ያሳለው ክፍል ተማሪዎቹንም ያስላቸዋል።

የአካባቢው መልክዓ ምድርም ሌላ አደጋ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎረቤት ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። ብዙዎቹ የሞቱት አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው ነው፤ ከነሱም መካከል መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩበት የአካባቢው አስተዳደር በወቅቱ ገልጿል። በዚያው ክረምት በወላይታ ካዎ ኮይሻ ወረዳም ናዳ ሰው ገድሏል። መምህር በገጠር ቀበሌ ውስጥ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ሳይሰጠው፣ ትምህርት ቤቱ የቆመበት ተዳፋት በባለሙያ ሳይታይ፣ ዝናብ ሲበረታ ልጆቹን ወዴት እንደሚያወጣ የተጻፈ መመሪያ ሳይኖረው ማስተማሩ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ነው። በ2016 ዓ.ም በወላይታ የመምህራን ደመወዝ ዘግይቶና ተቆራርጦ በመከፈሉ ሥራ ቆሞ፣ ትምህርት ተስተጓጉሎ እንደነበር ይታወቃል። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ወረዳ ሳሙና እንዴት ይገዛል የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ራሱ የመምህሩ የመጀመሪያው የጤና ዋስትና ነው፤ ተርቦና ተበድሮ ክፍል ለሚገባ ሰው ስለ ንጽሕና ትምህርት ማውራት ነውር ነው። ደመወዙ ለሌላ ነገር ይዋል አልልም፤ ከሁሉ ይቅደም። ሁለተኛ፣ የምጠይቀው ገንዘብ የግንባታ አይደለም። ወለሉና አዲሱ መጸዳጃ ቤት ጊዜና አጋር ይጠይቃሉ። ሳሙና፣ የውኃ ማጓጓዣ፣ የሞላ ጉድጓድ ማስመጠጫ፣ የበር መቆለፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ግን በትምህርት ቤት ደረጃ የሚቻሉ ናቸው። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ከአራቱ ዓቢይ ርዕሶቹ አንዱን ለምቹና ጤናማ የትምህርት አካባቢ ሰጥቷል። ለትምህርት ቤቶች የሚላከው ድጎማም፣ የየትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢም የሚታቀደው በዚሁ ማዕቀፍ ነው። ርዕሱ በዕቅድ ሰነዱ ላይ አለ፤ የሚጎድለው ከርዕሱ ሥር የሚጻፈው የብር መጠን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ መምህሩ ለምን ይጨመርበታል? እውነት ነው፣ መምህሩ ላይ ሌላ ሪፖርት መጫን ጤናውን የሚጎዳ እንጂ የሚጠብቅ አይሆንም። ይሁን እንጂ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌ ሙሉ ቤተሰብ ይጠብቃታል፤ ትምህርት ቤት ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። ቧንቧው ማክሰኞ ቢደርቅ ረቡዕ የሚያውቅ ሰው ከግቢው መሆን አለበት። ስለዚህ ኃላፊነቱ ለአንድ መምህር ሲሰጥ በምላሹ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ሊቀነስለት ይገባል፤ በነፃ የሚሠራ ክበብ አድርጎ መተው ግን ማንም የማይጠየቅበት ሥራ ማድረግ ነው። የኮቪድ ጊዜ ይህን አሳይቶናል። መጋቢት 2012 ዓ.ም የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ዓ.ም መከፈት ሲጀምሩ እጅ መታጠቢያና ጭምብል ለመከፈት ቅድመ ሁኔታ ነበሩ፤ ርዕሰ መምህራንም ባልተጠበቀ ፍጥነት አሟሏቸው። ቁጥጥሩ ሲላላ ግን መታጠቢያውን ውኃ የመሙላቱ ግዴታም አብሮ ላላ። ያኔ መቻሉ ታይቷል፤ ያልተቻለው ማዝለቁ ነው።

ጤናው ለትምህርት ውጤት ይህን ያህል ያመጣል ወይ የሚሉም አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በኬንያ ቡሲያ የተካሄደውና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ታዋቂ ጥናት የትል መድኃኒት ከትምህርት መቅረትን በአንድ አራተኛ እንደቀነሰ ሲናገር፣ ከዓመታት በኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ውጤቱ እንደተባለው ጠንካራ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም፤ እኔም የፈተና ነጥብ ይጨምራል ብዬ ቃል አልገባም። ግን ጉዳዩን በፈተና ውጤት ብቻ መለካት ለምን ያስፈልጋል? ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው በሕግ ግዴታና በወላጅ አደራ ነው። ልጁን የተቀበለ ተቋም፣ ልጁ አንድ ነጥብ ባይጨምርም፣ እግሩን ለዝሆኔ፣ ሆዱን ለወስፋት የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። መምህሯም ብትሆን ጤነኛ ሆና የመሥራት መብቷ ከተማሪዎቿ አማካይ ውጤት ጋር አይታሰብም።

ሶዶ አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ናት፤ የዞኑ ትምህርት መምሪያም፣ የክልሉ አመራርም ለገሱባ ቅርብ ናቸው። ወረዳዎች በጀታቸውን የሚያጸድቁት ሐምሌ ላይ ነው፤ የየትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የዓመቱን ዕቅድ የሚያየው ደግሞ ምዝገባ ሲጀመር። በነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል የኦፋ ወረዳና የገሱባ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ እንዲሞላ ማድረግ ይችላሉ። ገጹ ስንት መጸዳጃ ቤት እንደሚሠራ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝ፣ ስንት ክፍል አፈር ወለል እንዳለው፣ ስንት ልጅ ያለ ጫማ እንደሚመጣ፣ መምህራኑ ባለፈው ዓመት በሕመም ስንት ቀን እንደቀሩ የሚናገር ይሁን። ከታች የኃላፊው መምህር ስምና ለዓመቱ የተመደበለት ብር ይጻፍ። ገጹ በሰኔ ወር ተመልሶ ይታይ፤ ያልተሟላው ነገር በቀጣዩ በጀት መጀመሪያ ላይ ይግባ። የወረዳው ምክር ቤት አባላትም የትምህርት በጀቱን ለማጽደቅ እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ይህን ገጽ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው።