ጥያቄው ከጨዋታው ይለይ

በቆቦ ሜዳ ስለሚዘራው ማሽላ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «ዘሩ ደገሌት ከሆነ እንዲህ፣ ጅጉርቲ ከሆነ እንዲያ» የሚሉ ትእዛዞችን ይደረድራል። ይህ አካሄድ አያዋጣም፤ አዲስ ዘር በተጨመረ ቁጥር ፕሮግራሙን መከለስ ግድ ይሆናል።

እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሐሳብ ይሻላል፦ መረጃው በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ብቻ ይጠይቅ። «አቀንጭራን የሚቋቋሙትን ምረጥ» ሲባል ጎብዬና አብሽር ይመጣሉ። ለዚህም ረድፎቹን በየተራ አይቶ መስፈርቱን ያሟሉትን የሚመልስ አንድ አጭር ፈንክሽን ይበቃል።

ፍጥነት ይቀንሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ ለጥቂት መቶ ረድፎች ግን ልዩነቱ አይሰማም። ትርፉ ሌላ ነው፦ ፕሮግራም የማያውቅ አርሶ አደር እንኳ ሠንጠረዡ ሲነበብለት ስሕተቱን ሊያርም ይችላል። በትእዛዝ መካከል የተቀበረ ዕውቀት ግን ከጨዋታው ጋር ይሞታል።