ከወንዝ ዳር እስከ መድኃኒት ቤት

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር እናቶች ከወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ የተወቀጠ እንዶድ በውሃ እየበጠበጡ ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡ ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። አረፋው ግን ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ከዚያም ያነሰ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ይህንኑ ጠየቁ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። ቀንድ አውጣ የብልሃርዚያን ተውሳክ በሰውነቱ የሚያሳድግ ስለሆነ፣ እርሱን የሚገድል የአገር ተክል መገኘቱ ታላቅ ተስፋ ነበር።

ይሁን እንጂ ማየት ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ ነው። ከእንዶድ ዓይነቶች የትኛው ይበረታል? ምን ያህል ይበቃል? ዓሣውን፣ ከብቱንና ውሃውን የሚጠጣውን ሰውስ አይጎዳምን? የመርዛማነቱ ምርመራ የዓለም አቀፍ ደረጃ ባሟላ ላቦራቶሪ ይደረግ ስለተባለ፣ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ።

የሚዋጥ መድኃኒትማ መንገዱ ከዚህም የጠበቀ ነው። አስቀድሞ በላቦራቶሪና በእንስሳት ይፈተናል። ቀጥሎ ጉዳት አለማድረሱ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ ይታያል፤ ከዚያ መጠኑና ፈዋሽነቱ በሕሙማን ላይ ይመረመራል፤ በመጨረሻም በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች በሚቈጠሩ ሕሙማን ላይ ከነባሩ ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። በአገራችን ማስረጃውን መርምሮ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥራውም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ነው። ከተፈቀደ በኋላም ቢሆን ክትትሉ አይቋረጥም።

«አባቶቻችን ኮሶ የጠጡት ማንን አስፈቅደው ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኮሶ ትሉን ያወጣል። ነገር ግን መጠኑ ባለመለካቱ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች እንደነበሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ሚዛን ነው።

እንግዲህ ከእንዶድ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ፈተናውን መዝለል ሕዝብን በጨለማ መምራት ነው። ፈተናውን ሁሉ ለባዕድ ላቦራቶሪ መተው ደግሞ የራስን ሀብት በሰው ደጅ ማስጠናት ነው።

ስለዚህ በገበያ ቀን ያልተመዘገበ ክኒን በጉልት ተዘርግቶ ሲሸጥ የሚያይ ወጣት ሹም «የድኻ እንጀራ ነው» ብሎ አይለፈው፤ ያ ክኒን የድኻ ልጅ ሞት ሊሆን ይችላልና። ተማሪውም ከአያቱ የሰማውን የቅጠል ስም፣ የተቀመመበትን መንገድና መጠኑን በደብተሩ ይጻፍ፤ ሳይመረመር ግን ለማንም አያጠጣ። ዶክተር አክሊሉ የጀመሩት ከወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ በየደጃችን አለ፤ የቀረው አስተውሎ መጠየቅና ጠይቆም እስከ መጨረሻው መመርመር ነው።