ማሽላው ምን በደለ?



በእጅ እየተገለበጠ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ይህ መጽሔታችን በፋሲካው ቅጽ ላይ «የሀገራችን የበዓል ምግብ አሠራር» በሚል ርእስ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዶሮ ወጥ ጽፎልን ነበር። ዓምዱ ለእንቁጣጣሽም እንደሚቀጥል ተሰምቷል። ከመቀጠሉ በፊት ግን ሊባል የሚገባው ነገር አለና ምጣዴን ከድኜ ብዕር አንሥቻለሁ።

የዓምዱ አቅራቢ ወንድማችን አማርኛ ያውቃሉ። ስለ ቄጤማው ጉዝጓዝ፣ ስለ ዕጣኑ ጢስ፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ ስለሚመለሰው ነጠላ ለባሽ የጻፉትን ጎረቤቴ ጮክ ብላ ስታነብልን ዓይኑ ዕንባ ያላቀረረ አልነበረም። ዶሮዋ 12 ብልት እንደምትወጣ ነግረውናል። ፈረሰኛው ለአባወራው እንደሚቀርብም አልዘነጉም። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን ዘንግተዋል። በርበሬው «እንደሚበቃው»፣ ቅቤው «እንደ ዐቅም»፣ ቅመሙ ደግሞ «እንደ ደንቡ» ነው። ወጥ ሲቀርብ እንጂ ሲሠራ ያዩ አይመስሉም። የአሠራር ጽሑፍ ማለት የማያውቅ ሰው አንብቦ የሚሠራበት ማለት ነው። ይህ ካምፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እዚሁ ካኩማ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ የወለደች ሴት አለች። እናቷን በሞት ያጣች እንደሆነ፣ «እንደ ደንቡ» የሚለውን ቃል ይዛ ከየትኛው ደንብ ጋር ታስተያየው?

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። የከፋው መደምደሚያው ነው። ያለ ነጭ ጤፍ እንጀራና ያለ ንጥር ቅቤ በዓል በዓል አይባልም፤ በማሽላ እንጀራ ዶሮ ማቅረብም ባህልን ማዋረድ ነው ብለው ፈርደዋል። እኔ የምቃወመው ይህን ፍርድ ነው። የምቃወመውም ምላሴ ስለለመደው ወይም ማሽላ እየጋገርኩ ስለምሸጥ አይደለም። (መሸጤን ሁሉም ያውቃል፤ ደብቄው አላውቅም።) ፍርዱ ተጽፎ አልቀረም፤ ወደ ቤት ገብቷል፤ ዕዳም ሆኗል።

እስቲ በዓል ሲቃረብ ዱካው ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ባምባ ቻኩላ» ከመጣ ወዲህ ከራሽኑ ከፊሉ እህል መሆኑ ቀርቶ በስልክ የሚገባ፣ ከዱካ የሚገዛበት ሒሳብ ሆነ። ምርጫ አገኘን ተባለ፤ እውነትም አገኘን። ከምርጫው ጋር ግን ዱቤ ገባ። ነጋዴው የሚመጣውን ወር ሒሳብ አስይዞ ይሰጣል፤ ካርዱን የሚያስቀምጥም አለ። ወሩ ሲገባ ገንዘቡ እናትየው እጅ ሳይደርስ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዕርዳታው ክፉኛ ሲቀነስና ሰዉ በደረጃ ተከፋፍሎ አንዳንዱ ከዝርዝሩ ሲወጣ ምን እንደሆነ ለማናችንም መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ በዚህ መካከል አንዲት እናት ከሞያሌ ወይም ከናይሮቢ ኢስሊ የመጣ ጤፍ በዱቤ ታነሣለች። ለምን? ልጇ መጽሔት አንብቦ «እማዬ፣ ይኼ እኮ በዓል አይደለም» ብሏት። አንድ ቀን ጤፍ ተበልቶ አንድ ወር ባዶ ድስት ይጣዳል። ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉት አምናለሁ። ነገር ግን የጻፉት ይህን ሠርቷል።

ደግሞስ ጤፍ የማን በዓል መለያ ነው? ማኛ ጤፍ በሀገር ቤትም የባለጸጋ ገበታ ነበር። ድኻው ቀዩን ይጋግር ነበር፤ እርሱም ከጠፋ ሠርገኛውን ከማሽላ፣ ገብሱን ከስንዴ ይቀላቅል ነበር። የሐረርጌ ገበሬ በማሽላ እንጀራ ኖሮ በማሽላ እንጀራ ዒድ አክብሯል። በወሎ ቆላ፣ በትግራይ፣ በኮንሶ ማሽላ የችግር ቀን እህል ሳይሆን እህሉ ራሱ ነው። ጥንትነት ከተፈለገም፣ በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ ወዲህ፣ ከድንበራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው አላምዶ የዘራው የ5000 ዓመት ማሽላ ምልክት ተገኝቷል። ያ ሁሉ ምስጋና የተዘነበለት በርበሬ ግን አሜሪካ ከሚባለው ምድር የመጣ ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ሳይሻገር በፊት የእኛ ሀገር ሰው ቀይ ወጥ በበርበሬ አልሠራም። እንግዳው በርበሬ ባላገር ሆኖ፣ ባላገሩ ማሽላ ስደተኛ ተባለ! ኧረ ወገን፣ ፍርድ ይኑር እንጂ።

ከእኛ በፊት የተሰደዱትስ ምን በሉ? ወደ ሱዳን የወረዱት ወገኖቻችን በገዳሪፍ ፈተሪታ የሚባለውን የሱዳን ማሽላ አቡክተው ጋገሩ። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ስደተኛ ያረፈበት ካምፕ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሸው እንደገና ገባበት። እዚያም ማሽላ ነው የታደለው። አሜሪካ የገቡትም ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ ከየት አምጥተው? በራሱ የሚነፋ የስንዴ ዱቄት በጋዝ ውሃ እየበጠበጡ ነበር የሚጋግሩት። ኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰው ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በአይዳሆ ጤፍ ማብቀል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ከሀገር እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ዓመታት በውጭ ያለ ሐበሻ እንቁጣጣሽ አልዋለም ሊባል ነው?

«የሀገራችን» ስለሚለውም ቃል አንድ ነገር ልበል። በእኔ መስመር ብቻ የሲዳማ፣ የኦሮሞ፣ የጉራጌና የአማራ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። የሲዳማው ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ነው፤ የሚቀርበውም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡሪሳሜ ነው። የጉራጌው መስቀል ያለ ክትፎና ያለ ቆጮ አይታሰብም። ለአረፋ የሚያርደው ጎረቤታችን ዶሮ ወጥ በዓሉ አይደለም። ዓምዱ ግን እስከ ዛሬ የአንድ ቤት ጓዳ ብቻ ነው የከፈተልን። እንሰት እዚህ ደረቅ አሸዋ ላይ አይበቅልም፤ ስለዚህ የሲዳማዋ እናት በምን እንደምትተካው ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንም አልጠየቃትም።

አንዳንዶች «እንዲህ እያልን ስንተካ፣ ስንተካ፣ ዋናው ይጠፋል» ይላሉ። ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም፤ የሚናቅም አይደለም። ነገር ግን ዋናው የሚጠፋው በመተካት ሳይሆን ባለመጻፍ ነው። የጤፉም አሠራር ይጻፍ! በኪሎ፣ በሰዓት፣ በእሳቱ ልክ ይጻፍ፤ ነገ ወደ ሀገሩ የሚመለስ ወይም ሦስተኛ ሀገር የሚሄድ ይዞት ይሂድ። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ለአንድ ኪሎ ቅቤ ስንት ስንት እንደሚገባ ይጻፍ። ይህን የሚያውቁት ግን ብዕር የያዙት አይደሉም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ከበርሜል ጎማ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሽንኩርት የሚልጡ እናቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት ብቻ ከመስመራችን ሁለቱን ቀብረናል። ይዘውት ሄዱ።

የማሽላውም ሙያ እንደዚያው ሙያ ነው፤ ሞኝ ብቻ ነው «ዱቄት በውሃ» የሚለው። ቀዩ ማሽላ ልጣጩ ያመርራል፤ ውሃ አርከፍክፎ በሙቀጫ መሸክሸክ፣ ማበጠር፣ ማስፈጨት ነው። ነጩ ሲገኝ ይህ ድካም ይቀራል። ለሦስት ጣሳ የማሽላ ዱቄት አንድ ጣሳ የስንዴ ዱቄት ይገባል፤ ስንዴው ከሌለ ይቅር፣ ግን እንጀራው ቶሎ እንደሚሰባበር ዕወቁ። እርሾ ተጨምሮ ይቦካል። በደጋ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በዚህ ሙቀት ከአንድ ሌሊትና ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ የደጋውን ቀን እየቆጠረች የምትጠብቅ ሴት ኮምጣጣ ትበላለች። የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከዚያ አብሲት፤ ይህን የሚዘል ሰው ማሽላን አይውቀስ። አንድ ጭልፋ ሊጥ በፈላ ውሃ ገንፎ ሳይሆን፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ይበስላል፤ ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ማሽላ ለሁለተኛው ቀን አይታመንም፤ ይደርቃል። ስለዚህ ለበዓል የሚጋገረው በዋዜማው ማታ እንጂ ከሁለት ቀን በፊት አይደለም። ጸሐፊው ወንድማችን በፋሲካ የበሉት እንጀራ ከየትኛው ምጣድ እንደወጣ ምጣዱ ያውቃል፤ እንዲያው ለነገሩ ነው።

ዶሮውም ቢሆን ያው ነው። የሀበሻው ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ከቁሌቱ ጋር ብዙ ይቆያል። ከዱካ የሚገዛው የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይፈርሳል፤ በመጨረሻ ካልገባ 12ቱ ብልት ወጡ ውስጥ ፍርፍር ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልጻፈ የአሠራር ጽሑፍ ዶሮዋን አስገድሎ ቤተሰቡን ያሳፍራል።

እንግዲህ ዓምዱ ለእንቁጣጣሽ የሚወጣ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን አብሮ እንዲያወጣ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ። ዶሮ ለማይገዛ ቤት፣ ለስድስት ሰው የሚሆን የእንቁላል ወጥ ነው፤ በእኔ ጂኮ ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራ።

አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እንደ ጤፍ እስኪያንስ ይከተፋል። ያለ ዘይት በደረቁ ይጣዳል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አብሮት ከገባ ውሃውን ቶሎ ያወጣል፣ ከሰልም ይተርፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይማሰላል፤ ሲይዝ ውሃ በማንኪያ ጠብ ይደረጋል። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የራሽን ዘይት፣ አስቀድሞ በትንሽ እሳት በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረ፣ ይጨመርበታል። ቀጥሎ ያልሞላ አንድ የሻይ ብርጭቆ በርበሬ፤ ውሃ ጠብ እየተደረገ ግማሽ ሰዓት ይቁላላ፣ አይቸኮል። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተወቅጦ ይገባል። ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ። ሽንኩርቱ ግማሽ ኪሎ ብቻ ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ያወፍረዋል፤ የሚያፍር አይፈር፣ እንግዳ አይለየውም። ስምንት እንቁላል ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ጎኑን በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ይገባና አሥር ደቂቃ ይንተከተካል። ኮረሪማ ከተገኘ ሊወጣ ሲል ነው። ጨው ተቀምሶ።

የሲዳማዋ፣ የጉራጌዋ፣ የሐረርጌዋ፣ የጋምቤላዋ ጎረቤቴ የየራሳቸውን በጣሳና በብርጭቆ እየለኩ ይናገሩ። ፊደል ያልቆጠሩትን ልጆቻቸው ይጻፉላቸው፤ ወረቀት ያጣ ከእኔ ዘንድ ይውሰድ፤ የዱቄቱ ከረጢት ውስጠኛው ወረቀት ለመጻፍ ይመቻል።