ለውሻ መጫወቻ ዶላር ከማውጣት በፊት

ለውሻ መጫወቻ ተብሎ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አለ ቢባል የመካነ ሰላም በግ ነጋዴ መሳቁ አይቀርም። ቢስቅም አይፈረድበትም። ከከተማው ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው ደጋ ላይ የሚኖር ውሻ ሥራ የፈታበት ቀን የለም። ማለዳ ከእረኛው ጋር ይወጣል፣ ቀኑን በጎቹን ከተኩላ ሲጠብቅ ይውላል፣ ሌሊት በረቱን ከጅብ ይከላከላል። ምግቡም በሳህን ተሰፍሮ አይጠብቀውም። ከእረኛው ቁራሽ ይደርሰዋል፣ ከቤት ትራፊ ያገኛል፣ ሳይሞላለት ሲቀር ደግሞ አሽትቶና ቆፍሮ ራሱን ይችላል። በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ ለበዓል የሚቀርበው የወሎ በግ ዋጋ ውስጥ የዚህ ውሻ ድካም አለበት፤ ደላላው ግን አይቆጥረውም።

የአዲስ አበባው ግቢ ጠባቂ ውሻ ኑሮ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። በቀን አንዴ የሚሰጠውን ምግብ በሁለት ደቂቃ ይውጥና ቀሪውን ሰዓት ግድግዳ እያየ ያሳልፋል። በመሆኑም የውኃ ጎማ ያኝካል፣ አትክልት ይቆፍራል፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እየጮኸ ጎረቤት ያስቀይማል። ባለቤቱም «ውሻው ተበላሽቷል» ይልና ሌላ ይገዛል። አዲሱም በዚያው ሰንሰለት ታስሮ ከወራት በኋላ ያንኑ ይሆናል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባል ትክክል ነው፤ እንዴት እንደበላም ግን ለውጥ ያመጣል።

ፈረንጆቹ ለዚህ ችግር የሠሩት ዕቃ ቀላል ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ጠንካራ ላስቲክ ምግብ ይሞላና ለውሻው ይጣልለታል፤ ውሻውም እየገፋ፣ እየላሰና እያኘከ ጥቂት በጥቂት ያወጣዋል። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ኮንግ የተባለው ነው። ጆ ማርካም የተባለው አሜሪካዊ ፍሪትዝ የሚባል የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ ነበረው። ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ይጨርስ የነበረው ይህ ውሻ አንድ ቀን ከቮልስዋገን መኪና የተፈታ የላስቲክ ክፍል አግኝቶ አልለቅም ማለቱ ለሰውየው ሐሳቡን ሰጠው። ይህ የሆነው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ዕቃው በመላው ዓለም ይሸጣል። ከጋራዥ ቁርጥራጭ የተነሳ ንግድ መሆኑን የመርካቶ ሰው ልብ ሊለው ይገባል።

ነገሩ የቅንጦት ብቻ እንዳልሆነ ሳይንሱም ይናገራል። ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ምግብ በነፃ ፊታቸው ተቀምጦላቸው ሳለ ብዙዎቹ ዘንግ እየተጫኑ ሠርተው መብላትን መረጡ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች በርካታ እንስሳት ላይም ተመሳሳይ ዝንባሌ ታይቷል። (ድመት ግን በነፃ የቀረበላትን ትመርጣለች፤ ድመት ያለው ሰው ይህን ለማወቅ ሙከራ አያስፈልገውም።)

እንግዲህ አንድ አስመጪ ይህን ሰምቶ ኮንቴይነር ለማዘዝ ይነሳ ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዚህ ምንዛሪ የመጣ ላስቲክ በቦሌ ጥቂት ደንበኛ ቢያገኝ እንጂ ጥበቃ ቀጥሮ ውሻ ለሚያሳድረው መጋዘን ባለቤት አይደርስም። ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጦ መሸጥም መፍትሔ አይሆንም። ለበረባሶ የሚሆነው ጎማ ውስጡ የብረት ክር አለበት፤ የተዋጠ ቁራጭ ደግሞ የውሻ አንጀት ይዘጋል።

ቀንድ ግን አለ። ዋንጫና ማበጠሪያ የሚሠሩት ባለሙያዎች የበሬ ቀንድ ማጽዳት፣ መቁረጥና ማለስለስ ያውቁበታል። ከአፉ ሰፊ፣ ከጫፉ ቀዳዳ ያለው አጭር ቀንድ ውስጡ የራሰ ደረቅ እንጀራ ወይም ገንፎ ቢጠቀጠቅበት አንድን ውሻ ረዘም ላለ ጊዜ ሥራ ያስይዘዋል። የጫፉ ቀዳዳ አየር ስለሚያስገባ የውሻው ምላስ ተስቦ እንዳይቀረቀር ያደርጋል። የተሰነጠቀው መጣል አለበት፤ ጥርሱ ለደከመ ውሻም አይሰጥም። ጥሬ ሳንባና ጉበት መሙላት ፈጽሞ አይገባም። በቄራዎቻችን ብዙ ጉበትና ሳንባ የሚያስጥለው፣ ውኃ የቋጠረ እባጭ የሚያመጣው ትል ከጥሬው ሥጋ ወደ ውሻ፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ተቀቅሎ ሲሰጥ ግን ትሉ ይሞታል።

ታዲያ ቀንዱን ለመካነ ሰላምም መሸጥ ይቻላል ወይ? አይቻልም፤ መሞከርም ሞኝነት ነው። ሥራ ላለው ውሻ የሥራ ምትክ አይሸጥለትም። ከዕቃው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ፣ ማለትም ምግብ በሰው እጅ፣ በታወቀ ሰዓትና በደጅ መሰጠቱ፣ ግን በዚያ ደጋ ከከተማው የበለጠ ዋጋ አለው።

ምክንያቱም ከከተማው አጠገብ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ በግምት ከ500 በታች ናቸው። ደጅ ላይ ምግብ ያላገኘ ውሻ ወደ ጓሳው ወጥቶ የቀበሮውን ምግብ፣ አይጥን፣ ያድናል፤ በሽታም ይዞ ይወጣል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በተጠቃው የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በወሎ ያለው መንጋ ከባሌው እጅግ ያነሰ ስለሆነ እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ሊበቃው ይችላል። በዚያ አካባቢ ሎጅ ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ጎብኚ የሚያመጣለት ገደሉ ብቻ አለመሆኑን ማስላት አለበት።

የሚያስገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ ለቀይ ቀበሮዎች የተሰጠው የአፍ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የቀረበ መሆኑ ነው። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ መድኃኒቱ አፉ ውስጥ ይፈሳል። ለእረኛው ውሻ ግን ይህን ያህል ብልሃት አያስፈልግም፤ መርፌ ይበቃዋል። ችግሩ መያዙ ላይ ነው። በየቀኑ ከአንድ ሰው እጅ የሚበላ ውሻ በስሙ ሲጠራ ይመጣል፣ ይያዛል፣ ይወጋል። ማንም የማያበላውን ግን የእንስሳት ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሲያባርር ይውላል።

በጉን ከዚያ ደጋ የሚያወርዱት ነጋዴዎች በበዓል ሰሞን ከሚያወጡት የጭነት ወጪ ላይ ለእረኞቹ ውሾች ክትባት የሚሆን ትንሽ ቢጨምሩ የራሳቸውን ንብረት ጠባቂ አተረፉ ማለት ነው፤ ያበደ ውሻ እረኛውንም በጉንም ይነክሳልና። የአዲስ አበባው ባለሀብት በበኩሉ ቀንድ ሠሪ ቢያነጋግር ይሻለዋል። የጥሬ ቀንዱ ዋጋ ጉዳይ ከቄራ ጋር ገና ድርድር ይፈልጋል።